ፉሩሽካ በቆርቆሮ

እንቅልፍ የለም። መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ብርሃኑ ግን ከሥሩ ሾልኮ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፣ ከሁለታችን የተኛው እሱ ነው። ሰው ሥራ የሚገባበት ሰዓት ለእኔ የመኝታ ሰዓት ነው፣ ዳቦ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። በግራ ጎኔ ስተኛ ያመኛል፣ ወደ ቀኝ ስገለበጥ ያመኛል፣ በጀርባዬ ስንጋለል ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከደረቴ በላይ ቆሞ ያየኛል። ዛሬ ጠዋት ከሥራ እንደወጣሁ ክሊኒክ ሄጄ ሐኪሟ ይህንኑ ሆድ በሁለት እጇ ተጫነችና፣ "ይሄን ሁሉ ጊዜ ታዲያ ምን ስትነግረኝ ነበር?" አለችኝ። በቁጣ ነው ያለችኝ። ታማሚው እኔ፣ የምትቆጣው እሷ። እኔም ተቆጥቼ ወጣሁ፣ ተቆጥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ ተቆጥቼ ጫማዬን አወለቅኩ፣ አሁንም ተቆጥቼ ተጋድሜያለሁ። ንዴት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ የዛሬው ግን የት እንደሚያርፍ አላወቀም፣ እንደ ዝንብ ካንዱ ወደ አንዱ ይበራል።

መጀመሪያ ያረፈው አስተርጓሚው ላይ ነው። አይቼው አላውቅም። ድምፅ ብቻ ነው፣ ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ የሚኖር የአገሬ ልጅ። ጨዋ ነው፣ "ወንድም" እያለ ነው የሚያናግረኝ። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት "እንዴት ነህ ትላለች" አለኝ፣ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" አልኩ። ውሃ ትጠጣለህ? "እንዴታ፣ ሞልቶ።" ምግብስ ይስማማሃል? "ተመስገን፣ ምንም አይል።" ሽንት ቤትስ? እዚህ ላይ አፈርኩ። ሴት ናት፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም፣ ነገ ለቅሶ ቤት አጠገቤ ይቀመጥ ይሆናል። "እሱ ነው እንግዲህ፣ ትንሽ ሆዴ ደረቅ ይላል" አልኩ። ትንሽ! አንጀቴ እንደ ጡብ ደርቆ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ላብ እስኪያጠምቀኝ አምጬ ባዶዬን እየወጣሁ፣ ትንሽ አልኩ። እሱም ያልኩትን ተረጎመ። አንድም አልጨመረ፣ አንድም አልቀነሰ። ዛሬ ስጮህበት ምን አለኝ? "ወንድም፣ ያልከኝን ነው ያልኩት፣ ያላልከውን ከየት ላምጣ?" ልክ ነው። ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

የእኛ ሰው ሕመሙን የሚናገረው በር ላይ ነው። መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ከዚያ የጠያቂውን ጤና ይጠይቃል፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ተነሥቶ ሊወጣ ሲል የበሩን እጀታ ይዞ "እንዲያው ይቺ ሆዴ ብቻ..." ይላል። ያን ጊዜ ሰሚው "ና እስቲ ተቀመጥ" ይለዋል። የመጣበት ጉዳይ ያ ነው፣ ሁለቱም ያውቁታል። እዚህ በር ላይ የሚሰማ የለም። እኔ እጀታውን ይዤ ስዞር ሐኪሟ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መልሳለች፣ አስተርጓሚው ስልኩን ዘግቷል። እኔም የተረፈችኝን ሕመም ይዤ እወጣለሁ፣ በእጄ ላይ ያለው ምክር አንድ ብቻ ነው፤ ፋይበር ጨምር። አስተርጓሚው "አሰር ያለው ምግብ" ነው ያለው፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ገለባው ያልወጣለት ዳቦ።

ይህንን ለእኔ! አሰር የሚጋገርበት ቤት ለሚያድር ሰው! እኔ በቆምኩበት መስመር የሚያልፈው ዳቦ ግማሹ ፉሩሽካ ነው፤ ላስቲኩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል፣ ሆዷን በመዳፏ የያዘች ፈገግ ያለች ሴትም አለች። የተሰበረው ለሠራተኛ ነው። እኔም በላሁ። ስወጣ በላሁ፣ ስገባ በላሁ፣ በዚህ አልበቃ ብሎኝ ከሱቅ ያችው ሴት የተሳለችበት፣ በቆርቆሮ የታሸገ ፉሩሽካ ገዝቼ እርጎ ላይ ነሰነስኩበት። ነፋኝ። ከእምብርቴ በታች ቁርጠቱ እንደ መጋዝ ሄዶ ይመለሳል። ተመልሼ ሄድኩ። "ተሻለህ ወይ ትላለች።" "ተመስገን፣ ደህና ነው።" "ጥሩ ነው፣ እንግዲያው ትንሽ ጨምርበት ትላለች።" ጨመርኩ። ሐኪም ያዘዘውን የማይጨምር ማን አለ? ደግሞ ሄድኩ፣ ደግሞ ተመስገን፣ ደግሞ ጨምር።

አሁን ንዴቴ ፋብሪካው ውስጥ ገብቷል። የመስመራችን አለቃ ሲሠራም ሲቆጣም ስለሚያፏጭ ፉጨት ነው የምንለው። የፉጨት ሕግ እንዲህ ነው፤ ሽንት ቤት የፈለገ እጁን ያነሣል፣ ተተኪ እስኪመጣ ቦታውን አይለቅም። ተተኪው ለአዳራሹ በሙሉ አንድ ሰው ነው። እጄን አንሥቼ ቆሜ፣ በሌላ እጄ ዳቦ እየደረደርኩ፣ ምጡ መጥቶ፣ ጠብቆ ጠብቆ፣ ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ ይሰማኛል። ሆድም ሰው ነው፣ ደጋግመህ ከመለስከው መምጣት ይተዋል። ከጎኔ የሚሠራው ሽማግሌ ዘዴውን ያስተማረኝ ገና ስቀጠር ነው፤ "ውሃ አትጠጣ። ካልጠጣህ አይመጣብህም።" ብልሃት መሰለኝ። ከሥራ በፊት አልጠጣም፣ በሥራ ላይ አልጠጣም፣ ወጥቼም እንቅልፌን እንዳይቆርጠው ብዬ አልጠጣም። እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ውሃ የሌለው ሆድ፣ መውጫ የተከለከለ ሆድ፣ በላዩ ላይ ፉሩሽካ።

ዛሬ ጠዋት ግን ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። "እንዴት ነህ ትላለች" አለ ስልኩ። "ሞቻለሁ በላት" አልኩ።

"ቃል በቃል ልበላት?"

"ቃል በቃል!"

አላት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮምፒውተሩ በላይ ዓይኗን አየሁት። ከዚያ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ውሃ? አልጠጣም። ለምን? የፉጨትን ሕግ ነገርኳት። መቼ ወጣህ? ነገርኳት። ፉሩሽካውን ከጀመርክ ወዲህ ሕመሙ ቀነሰ? ጨመረ። ያን ጊዜ ነው ሆዴን ተጭና ምን ስትነግረኝ ነበር ያለችኝ። ከዚያ ቁጣዋን ውጣ ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ ስልኩም ቀስ ብሎ ተከተላት። ፋይበር ብዙ ሰው ይረዳል አለች። ግን ውሃ ይፈልጋል፣ የሚንቀሳቀስ አንጀት ይፈልጋል። አንጀቱ ቀርፋፋ ለሆነ፣ ሆዱ ለታጨቀ ሰው ፉሩሽካ ሲጨመርበት ያለው ላይ ይከመራል፣ ጋዝ ይሆናል፣ ይወጥራል፣ ያምማል። አቁም አለች። መጀመሪያ ያለው ይውጣ፣ የሚያለሰልስ መድኃኒት እሰጥሃለሁ። ውሃ ጠጣ። ሲመጣብህ አትያዘው። ወደ ፊት ሌላ ዓይነቱን፣ ውሃ ሲነካው እንደ አጥሚት የሚለሰልሰውን፣ ጥቂት በጥቂቱ እንሞክር ይሆናል፤ ካልተስማማህም ይቀራል። ማስታወክ ከመጣ፣ አየር እንኳ አልወጣ ካለ ግን ቤትህ አትቀመጥ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ምን አዲስ ነገር ነገረችኝ? ማሸጊያው ጋ ዳቦ አላልፍ ብሎ ሲታጨቅ እኔ ራሴ ምን አደርጋለሁ? ከምድጃው የሚመጣውን አስቆማለሁ። ቀይ ቁልፍ አለ፣ ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው። በታጨቀ መስመር ላይ ዳቦ የሚጨምር ጅል አይቼ አላውቅም። ለዓመት ያህል ግን ጅሉ እኔ ነበርኩ። እሺ። ይሄ የእኔ ሆድ ነው፣ የራሴ ጉዳይ። መድኃኒቱን በብርጭቆ ውሃ በጥብጬ ጠጥቻለሁ፣ ብርጭቆው ይኸው ራስጌዬ ባዶውን ተቀምጧል። ልተኛ።

አልተኛም። የአባቴ ሆድ መጣብኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ መኪናው ላይ ከተቀመጠ የያዘውን ሳይጨርስ አይነሣም። ኮቱ ላይ ቁልፍ ይተክላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ እግሩ መርገጫው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና "ሰውዬ፣ ውጣና ተመለስ፣ ኮቱ አይሰደድ" ትለዋለች፤ እሱ "ሥራ ይቅደም፣ ሆድ ይጠብቃል" ይላል። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ እንደ ምርቃት። አሁን ጉልበቱ ደክሟል፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ይኖራል። በየሳምንቱ እደውላለሁ። "አባዬ እንዴት ነህ?" "ደህና ነኝ ተመስገን፣ አንተስ?" "ደህና ነኝ ተመስገን።" "እንግዲህ ደህና ሁን።" የአባትና የልጅ ወግ ይኸው ነው። ከዚያ እህቴ ስልኩን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገብታ ታንሾካሹካለች፤ "ሆዱ ደርቋል፣ አይነግርህም፣ እኔንም አይነግረኝም፣ ገብቶ ሲቆይ ነው የማውቀው።" እኔ ምን አደረግኩ? ቆርቆሮ ገዛሁ። ሁለት ትልልቅ ቆርቆሮ፣ ሴትየዋ ሆዷን ይዛ የምትስቅበትን፣ በመንገደኛ ላክሁ። በጠዋትና በማታ አንዳንድ ማንኪያ አልኩ። "ለእኔ ፍቱን ሆኖልኛል" አልኩ። ለምን እንዲህ አልኩ? ስጦታ ሲላክ የሚባል ነገር ነው፣ ሰው የማይሠራ ነገር ላክሁልህ አይልም።

አባቴ ቆርቆሮው ሲከፈት አሽትቶ፣ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ፣ "ይሄ ፉሩሽካ አይደለም እንዴ? እኛ ለላም የምንሰጠው?" አለ። እህቴ ከት ብላ ሳቀች፣ በስልክ ሰማሁ። "ልጄ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የላም ቀለብ ላከልኝ። መቼም አልታለብም!" እኔም ሳቅሁ። ግን በላው። ልጁ ልኮለታል፣ እንዴት አይበላም? ያለፈው ሳምንት እህቴ "ለውጥ የለውም፣ እንዲያውም ነፋው" ስትለኝ እኔ፣ ይኸው በዚህ አፌ፣ "ጨምሪለት" አልኳት። በሐኪሟ ድምፅ ነው ያልኩት፣ እንደ አዋቂ፣ "ትንሽ ጨምሪበት።"

ተነሥቼ ተቀምጬ ለእህቴ ደውያለሁ። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው።

"ምነው በዚህ ሰዓት? አትተኛም እንዴ?" አለች እህቴ።

"አባዬ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ደህና ነው አትበይኝ! ምን በላ? ወጣ ወይ?"

"ምን ትጮኽብኛለህ! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልበላም፣ አፌን መረረኝ ይላል። ጠዋት አስመለሰው። ሆዱ እንደ ድንጋይ ነው። ሦስት ሦስት ማንኪያ አድርሼለታለሁ፣ ጨምሪ እንዳልከው።"

"ውሃ ይጠጣል?"

"የት ይጠጣል! ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ በዚህ ጉልበቱ እኔን ላለማስቸገር ብሎ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያርሰው።"

ሰማሁ። የፉጨት ሕግ የአባቴ ግቢም ገብቷል። እዚያ ተተኪው እህቴ ናት፣ እሱም እጁን ማንሣት አፍሯል።

"ሐኪም ቤት ውሰጂው። አሁኑኑ።"

"እሺ አይለኝም። ደህና ነኝ ይላል። እኔ ምን ላድርገው፣ ልሸከመው? አንተማ በስልክ ነው የምታስታምመው፣ ጨምሪለት፣ ቀንሽለት። ና እስቲ አንተ ጨምርለት!"

ልክ ናት፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ልክ ነው። "ስጪኝ እሱን" አልኩ።

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። ትንፋሹ ቀደመ፣ አጭር ትንፋሽ። "ልጄ። እንዴት ነህ?"

"አባዬ፣ መቼ ነው ሽንት ቤት የወጣኸው?"

"ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንተስ?"

"አባዬ፣ መቼ ነው የወጣኸው?"

"ምን ያለ ጥያቄ ነው? እህትህ አጠገቤ ናት።"

"ትስማ! ጎረቤቱም ይስማ! አየርስ ይወጣልሃል? ንገረኝ!"

አባቴን በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ተከራይ ግድግዳውን መታ። አባቴ የተቆጣ መሰለኝ፣ ተቆጥቶም ነበር፤ ድምፁ ሲመጣ ግን ቀጭን ሆኖ መጣ። "ምንም። ከላይም ከታችም ምንም። እንደ ተሰፋ ጆንያ ነኝ።" ከዚያ፣ "ለመሆኑ ያንተ ፉሩሽካ፣ ላንተስ ሠርቷል?"

ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር፣ ሐኪሟ እንኳ ፉሩሽካውን በስሙ ጠርታ የጠየቀችኝ ዛሬ ነው።

"አልሠራም አባዬ።"

"አልሠራም?"

"አሞኛል። ከበፊቱ ብሶብኛል። እኔም እንዳንተው ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ላክህልኝ!" ጮኸ፣ እውነተኛ ጩኸት፣ የጥንቱ የልብስ ሰፊው። "ላንተ ያልሆነውን ለእኔ! እኔኮ የልጄ መድኃኒት እንዳይወድቅ ብዬ ነው እያነቀኝ የዋጥኩት! ያንተ አንጀት ያልቻለውን የእኔ የአሮጌው እንዲችል ነው?"

"ስደበኝ። ግን መኪና ውስጥ ሆነህ ስደበኝ። አሁን ካልሄድክ ትሞታለህ፣ እኔም አልደርስም።"

"ኮቴን አምጪ" ሲል ሰማሁ፣ ለእህቴ። ከዚያ የጎረቤት መኪና፣ የበር ድምፅ፣ የእህቴ "ቀስ፣ አባዬ፣ ቀስ"፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እጠብቃለሁ። ወለሉ ላይ ያለው ብርሃን ከአልጋው እግር ተነሥቶ ወደ ወንበሩ ሄደ። ልደውል እልና፣ እጇ ተይዞ ይሆናል እላለሁ። ከአንድ ጥሪ በላይ ማድረግ የማልችል ሰው ነኝ፤ የመኪና በር አልከፈትኩም፣ ክንዱን አልያዝኩም። እዚህ ተቀምጬ ውሃ እጠጣለሁ። ሌላ የምሠራው የለኝምና እጠጣለሁ፤ ብርጭቆውን ሞልቼ፣ ደግሞ ሞልቼ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ። ቆርቆሮዬን አነሣሁ። ሴትየዋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ስወረውራት ክዳኑ ተፈናጥሮ ፉሩሽካው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ ጠርጌ አነሣሁት። ንዴት እንኳ እዚህ የሚጠረግ ነገር ይተዋል።

ስልኩ የጮኸው ፋብሪካው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እግሬን ሱሪ ውስጥ ከትቼ ነው። እህቴ አይደለችም፣ እሱ ራሱ ነው።

"አባዬ፣ እንዴት ነህ?"

ቃሉ ምላሱ ላይ ሲመጣ፣ የዕድሜ ልክ ልማዱ፣ ከዚህ ሆኜ ታየኝ።

"አሞኛል" አለ። "ሆዴ አሁንም ይቆርጠኛል፣ ክንዴን መርፌው ያመኛል፣ ርቦኛል፣ ምግብ ደግሞ ከልክለውኛል። በታች በኩል በቱቦ ውሃ አስገቡብኝ፣ ልጅ እግር ነርስ ናት ያደረገችው፣ እግዜር ይስጣት። ወጣ።"

"ምን አልክ?"

"ወጣ አልኩህ! ስንት ጊዜ ነው የምታስጮኸኝ፣ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ሆዴን ሊቀዱት አስበው ነበር፣ ቀረ። ዛሬ እዚሁ አድራለሁ።" ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። "አንተስ?"

"ደህና..."

"አንተስ ነው ያልኩህ!"

"ገና አባዬ። አልወጣም።"

"ታዲያ አሁን የት ነህ?"

"ሥራ ልገባ ነው።"

"ሥራ!" አለ በንቀት፣ ያ ኮት ሳይጨርስ የማይነሣው ሰውዬ። "ሲመጣብህ ተነሥና ሂድ። ዳቦው አይሰደድ።"

የመጣብኝ በሌሊቱ ሥራ መሐል ነው። መድኃኒቱ ነው፣ ወይም ውሃው። ከጎድኔ ሥር ተነሥቶ ወረደ፣ ቁርጠቱ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ሄዶ የሚመለስ አልነበረም፣ ሊወጣ የመጣ ነበር። እጄን አነሣሁ። አረንጓዴ ቅጠል የተሳለባቸው ዳቦዎች ይመጣሉ፣ በሌላው እጄ እደረድራለሁ። ተተኪው በአዳራሹ ማዶ የሌላ ሰው ቦታ ላይ ቆሟል። ፉጨት አየኝ፣ ጣቱን ወዘወዘ፣ ቆይ እንደ ማለት፣ ማፏጨቱንም አላቋረጠም። ሽማግሌው ከጎኔ በትንሹ "ያዘው፣ ያዘው፣ ያልፋል" አለኝ። ማለፉን እኔም አውቃለሁ፤ ሲያልፍ ነው የኖርኩት። እጄን አወረድኩ። ከመስመሩ ጫፍ ካለው ምሰሶ ላይ ቀዩ ቁልፍ አለ፤ ዳቦ ሲታጨቅ የምንጫነው። ተጫንኩት።

አዳራሹ ቀጥ አለ። የምድጃው ሰንሰለት፣ ዳቦ ተሸካሚው ጎማ፣ ማሸጊያው፣ ፉጨቱም ጭምር። እየሮጠ መጣ፣ ዓይኑ መስመሩ ላይ የታጨቀ ዳቦ ይፈልጋል፣ ምንም አላገኘም።

"ምንድን ነው የታጨቀው?" ብሎ ጮኸብኝ።

"እኔ" አልኩትና ጓንቴን አውልቄ ሄድኩ።